የውሃ ልክ አልጋ

«ፍራሹን ወደዚያ ግፊው እንጂ! ወደ ግድግዳው አስጠጊው! እዚህ ጋ ገና ሌላ ይገባል።»

የጋሼ ሚስት ሳሎኑ መሀል ቆማ እጇን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ታወናጭፋለች። ሚጣ ከጎረቤት የመጣውን ፍራሽ አቅፋ፣ ፊቷ ከፍራሹ ኋላ ጠፍቶ፣ በጭፍን ትራመዳለች። ሶፋዎቹ በረንዳ ወጥተዋል። ትልቁ ጠረጴዛ ጓሮ ተገልብጧል። ከሩቅ የመጡት የአክስት ልጆች ሳሎኑን ያዙ፤ የአጎት ቤተሰብ የልጆቹን ክፍል ወሰደ፤ ኮሪደሩም አልቀረለትም፣ ዳር ዳሩን ተነጥፎበታል።

«አይ ቤት!» አለች አንዷ የአክስት ልጅ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እየዘረጋች። «ሆድ ያለው ቤት ነው እናንተ። ስንቱን ሰው ቻለው!»

«ያው የወንድም ሞት ነው፤ ምን ይደረግ» አለች የጋሼ ሚስት፤ ሐዘንም ኩራትም ባለው ድምፅ።

ሚጣ ፍራሹን ለቀቀችው። ዷ ብሎ ወደቀ። ሁሉም ዞር ብለው አዩዋት፤ ወዲያው ደግሞ «ውይ፣ እሷስ ሐዘኑ አድክሟት ነው» ተባለላት። ሐዘኑስ ሐዘን ነው፤ ያቃጠላት ግን ሌላ ነው። ይኼ ሁሉ ፍራሽ የሚነጠፍበት ቤት ለሟቹ ለራሱ፣ በሕይወቱ ሳለ፣ አንዲት ጥግ አልነበረውም።

ሚጣ እንግዲህ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት። ሃምሳ ሊሞላት ምንም አልቀራት፣ ጸጉሯ ሸብቷል፣ መጋረጃ በምትሰፋበት ሱቅ ያሉት ልጆች «እትዬ» ነው የሚሏት። ለዘመድ ግን እስከ ዛሬ ሚጣ ናት፤ ውሃ አምጪ፣ በር ክፈቺ፣ ፍራሽ ተሸከሚ። ባሏ ትቷት ከሄደ ወዲህ የምትኖረው በታላቅ ወንድሟ በጋሼ ግቢ፣ ከኋላ ካሉት የሰርቪስ ክፍሎች በአንዷ ነው። በጋሼና በሷ መሀል ደግሞ ሟቹ አለ። ማለት፣ ነበረ።

«ሚጣ፣ እስቲ አንዴ።»

ጋሼ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆሟል። ጥቁር ኮቱ፣ ያልተላጨው ጢሙ፣ የቀላው ዓይኑ፣ ሁሉም በየቦታው ነው። ሰው አለመኖሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያቺ ነርስ ደወለች።»

«ሲስተር?»

«እሷ። ነገ ከዚያ ቤት ካሉት ጋር ለቅሶ እንመጣለን ትላለች። ደውዪና አይምጡ በያቸው።»

«ምን ብዬ?»

«እኔ እንጃ። ለቅሶው አልቋል በያቸው። አንቺ ሰበብ አታጪም።»

«ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ አብረውት የነበሩት እኮ እነሱ ናቸው።»

«ማን አይደሉም አለሽ? ግን ይኼን ሁሉ ሰው እይው። ውጭ ሀገር ሲሠራ ኖሮ፣ ታሞ ተመልሶ፣ በግል ሐኪም ሲታከም ነበር ብለናል። አሁን በክራንች የሚያነክስ፣ እግሩን በፋሻ የጠቀለለ ሁሉ ግቢውን ሲሞላው ምን ልበል? ለሱም ክብሩ ነው። ከሞተ በኋላ ላዋርደው?» ከዚያ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገና ለስለስ አለ። «ያቺን ክፍልሽን እንኳ ሚስቴ ለዕቃ ማስቀመጫ ፈልጋት፣ ተያት፣ እህቴ ናት ያልኩት እኔ ነኝ። አንዳንድ ጊዜ አንቺም አግዢኝ እንጂ።»

ገባት። እንዴት አይገባት! ጋሼ ሰው ሲያስፈራራ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ያደረገልህን ነው የሚቆጥርልህ። ከዚህ ክፍል ብትወጣ የት ትሄዳለች? በመጋረጃ ስፌት ማን ቤት ይከራያል? ወንድሟን ከነእውነቱ ታልቅስለት ወይስ ክፍሏን ታትርፍ፤ ነገሩ እዚህ ላይ ደረሰ።

«እሺ» አለች።

ሟቹን የሥራ ጓደኞቹ ውሃ ልክ ነበር የሚሉት። ወለል አንጣፊ ነው። ጠማማ ነገር ዓይኑ አይችልም፤ ሰው ቤት ተጋብዞ ሲሄድ እንኳ መጀመሪያ የሚያየው ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ሻይ ነው፤ ሻዩ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ «ጠረጴዛችሁ ተኝቷል» ይልና ካርቶን አጣጥፎ እግሩ ሥር ይሸጉጣል። አፉም እንደ ዓይኑ ነው። ሰፈር ውስጥ የተጣላ ሲኖር ለሽምግልና ይጠሩታል፤ ሽማግሌው ራሱ ሲዋሽ ደግሞ ያንኑ ሽማግሌ ያጋልጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ አይጠሩትም።

ይኼን አሁን ፍራሽ የተነጠፈበትን የጋሼን ወለል ያነጠፈው እሱ ነው። ከሳሎኑ እስከ መታጠቢያ ቤቱ፣ በጉልበቱ እየተንፏቀቀ፣ እያፏጨ። ለወንድሜ ነው ብሎ ሌላ ሥራ ሁሉ መልሶ ነበር። የቤቱ ምርቃት ዕለት ግን ነገር ተበላሸ። ጠጥቶ ነበር፤ መጠጣቱን ማን ይክዳል። እንግዳው ሁሉ ጋሼን «በላብህ ያቆምከው ቤት፣ እሰይ!» እያለ ሲያሞግሰው፣ ውሃ ልክ ከጥግ ተነሣ።

«የእናታችን ቤት ነው እኮ» አለ። «እሱን ሸጦ ነው ይኼን የሠራው። ለኔም ለሚጣም አልነገረን። ቤቱ ያው ነው፣ ጡቡ ብቻ ነው የተቀየረው።»

ሳቅ የጀመረ ሁሉ ሳቁን ዋጠው። ከጋሼ አፍ እንግዳ ፊት ክፉ ቃል አይወጣም። እንዲያውም ብርጭቆውን አንሥቶ «ወንድሜ ቀልድ ያውቃል» አለ። በነጋታው ዘበኛውን ጠርቶ አንድ ነገር አዘዘው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ ልክ በዚያ በር አልገባም።

ከዚያ በኋላማ ቁልቁለት ነው። መጠጡ ባሰ፣ ስኳሩ ተነሣበት፣ ጉልበቱ እምቢ አለ፣ ሥራ ቀረ፣ የኪራይ ቤቱን ለቀቀ። «የት ገባ?» ያለ ሰው ሁሉ ከጋሼ አንድ መልስ ነው የሚያገኘው፤ «ውጭ ወጣልህ።» ሚጣ አልፎ አልፎ ሲሚንቶ መሸጫ በር ላይ ከቀን ሠራተኞች ጋር ቁጭ ብሎ ታገኘው ነበር። ሲያያት ይነሣል፤ ጃኬቱን ያራግፋል፤ «ምን ሆንሽ ከሳሽ» ይላታል፤ እሱ አጥንቱ ገጦ! ከዚያ እዚያም ጠፋ።

በማግሥቱ ጠዋት ቡና ቀረበ። ሴቶቹ ፍራሹ ላይ እንደተደገፉ፣ ከንፈር እየመጠጡ፣ በሹክሹክታ ያወራሉ።

«የት ሀገር ነበር አሉ?»

«እኔ እንጃ፤ ብርዱ ነው አሉ የጎዳው።»

«ሚስት የለውም?»

«ፈረንጅ ነበረችው ሲባል ሰምቻለሁ።»

ሚጣ ስኒ እየሰበሰበች ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ውሃ ልክና ፈረንጅ! እሱ ቢሰማ «ቁመቷ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ሳቁ ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ ወደ ልቅሶ ተቀየረና ሳግ ሆኖ ወጣ፤ ሴቶቹም አብረዋት አለቀሱ፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ የሚያለቅሱለትን ሰው አለማወቃቸው ብቻ ነው።

ከወንዶቹ በኩል የጋሼ ድምፅ ይሰማል። «አባታችን ሲሞት ገና ልጅ ነበር። ትከሻዬ ላይ ነው ያደገው። ወንዝ ሳሻግረው ጆሮዬን ይዞ...» አልጨረሰውም። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የእውነት እንባ ነው። ሚጣን ያንገበገባት ይኼ ነው፤ እንባው የውሸት ቢሆን ይሻላት ነበር።

ስልኳን አውጥታ አየችው። የሲስተር ቁጥር አለ። መልሳ ከተተችው። ከሰዓት በፊት ደጋግማ አውጥታ ደጋግማ ከተተችው፤ አንዴማ ጓሮ ሄዳ ቁጥሩን ነክታው፣ ሳይጠራ ዘጋችው።

ወንድሟን መልሳ ያገኘችው አንድ የድሮ የሥራ ጓደኛው ሱቅ ድረስ መጥቶ «እግሩ ነው፣ ሆስፒታል ነበር፣ አሁን ማገገሚያ የሚሉት ቤት አስገብተውታል» ብሏት ነው። ሄደች። ማገገሚያው የድሮ መጋዘን ነው፤ በሁለት ረድፍ አልጋ ተደርድሮበታል፤ ጥግ ላይ አንድ የሚያጓራ ፍሪጅ አለ፤ አዮዲን አዮዲን ይሸታል። እዚያ የሚገቡት ሆስፒታል «ጨርሰሃል፣ ውጣ» ያላቸው፣ ግን የሚወጡበት ቤት የሌላቸው ናቸው። ሐኪም «እግርህን ከፍ አድርገህ ተኛ፣ ቁስሉን ውሃ አይንካው፣ ኢንሱሊኑን ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠው» ብሎ ያሰናብታል። እሺ፣ ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው እግሩን ምን ላይ ከፍ ያድርገው? ኢንሱሊኑንስ የማን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጠው? ቤቱ የተከፈተው ለዚህ ነው። ነርሶች ቁስል ይጠርጋሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ ሾርባ ይቀርባል።

ሕጉ አጭር ነው። ቁስልህ እስኪድን አልጋው ያንተ ነው። ሳይድን የምትወጣው «እኔ ጋ ይምጣ» የሚል ወገን ከተገኘ ብቻ ነው። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተራ የሚጠብቅ አለና፣ ወገን ሲገኝ አልጋው በዚያው ቀን ለሌላ ይሰጣል።

«እዚህ ቤት ሰው የሚያለቅሰው ቁስሉ ሲድን ነው» አላት ውሃ ልክ የመጀመሪያው ቀን። ተላጭቷል፣ ንጹሕ ፒጃማ ለብሷል፣ ቀኝ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ጋደም ብሏል። መጠጥ ካየ ቆይቷል። «ያ ጥግ ላይ ያለው ማታ ማታ ቅርፊቱን ይነቅላል። ሲስተር ትቆጣዋለች። ምን ያድርግ? ከዳነ ሊወጣ ነው።»

«እኔስ ዕድሜ ለእግሬ!» አለ ከጎኑ ያለው፤ የከባድ መኪና ነጂ የነበረ፣ ተሳቢ የሚሉት ሰው ነው፤ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። «አዲስ እስኪበቅልልኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ሚጣ ከሥራ ስትወጣ በዚያ በኩል ማለፍ ልማድ አደረገችው። ለጋሼ ቤት «ሥራ በዛ» ትላለች። ውሃ ልክ መጀመሪያ አልጋዎቹን ሁሉ በካርቶን አስተካከለ። ከዚያ በክራንች ሆነው መታጠቢያ ቤት የሚገቡት ሲንሸራተቱ አየና፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ፣ የታመመውን እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ ወለሉን አስነቅሎ በሻካራ ሴራሚክ እንደ አዲስ አነጠፈው። ተሳቢ ሲሚንቶ ያቀብለዋል፤ ሲስተር በር ላይ ቆማ «ውሃ እንዳይነካህ!» እያለች ትጮኻለች። እሱ ያፏጫል። ሚጣ ያንን ፉጨት ከዚያ ምርቃት ወዲህ ሰምታው አታውቅም። ወንድሟ ሲድን አየችው፤ በዓይኗ በብረቱ አየችው።

አንድ ቀን ሲስተር «እትዬ፣ ለማንኛውም ስልክ ይተዉልን» አለቻት። ሚጣ የራሷን ሰጠች፤ ማሽን ላይ ሆኜ ላልሰማው እችላለሁ ብላ የጋሼንም ጨመረች።

«የሱን ለምን ሰጠሻት?» አለ ውሃ ልክ ፊቱ ጠቁሮ።

«ለክፉ ቀን ነው።»

«ክፉ ቀንማ ይኼ አይደለም እንዴ ሚጣዬ?»

ብዙም አልቆየ፣ የጋሼ ትልቋ ልጅ ወለደችና ሚጣን እንድታርሳት ወደ ሌላ ከተማ ላኳት፤ ሌላ ማን ይላካል! ወደ ሲስተር ስትደውል «ደህና ነው፣ እየተሻለው ነው» ተባለች። ከዚያ ሕፃኑ ታመመና ደወሉ ተረሳ። ከዚያ ጋሼ ደወለ። «ሕመሙ አገረሸበት፤ ሆስፒታል ወሰዱት፤ አልተረፈም» አላት። እሷ ስትደርስ ተቀብሯል።

ከሰዓት በኋላ መጡ። ሲስተር ከሥራዋ ቀጥታ ነው የመጣችው፤ በነጭ ጋዋኗ ላይ ጥቁር ሹራብ ደርባለች። ተሳቢ የተቆረጠ እግሩን ሱሪ አጥፎ በመርፌ ቁልፍ ይዞት፣ በክራንቹ እየተወረወረ ይከተላታል። ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ «እትዬን ልጠይቅ... እስቲ አንዴ ይቆዩ...» እያለ ሲያመነታ፣ የጋሼ አዲሱ አማች ከኋላቸው ደረሱ። እኚህ ሰውዬ የጋሼን ትንሿን ልጅ ለልጃቸው የጠየቁ፣ ጋሼ ስማቸው ሲነሣ ክራቫቱን የሚያስተካክልላቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው።

«ምን አገትካቸው? ለቅሶ ቤት በር ይዘጋል እንዴ? ግቡ፣ ግቡ!» አሉ። ማን ይከልክል!

ጋሼ ብድግ ሲል ዓይኑን ወደ ሚጣ ወረወረ። ሚጣ የሻይ ትሪ ይዛ ኩሽናው በር ላይ ቆማለች። ደንግጣለች፤ ግን ደስ ብሏታል። በዚህ ሁሉ ሰው መሀል ወንድሟን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ገቡ።

«የሆስፒታሉ ሰዎች ናቸው» አለ ጋሼ ለቤቱ። «ቁጭ በሉ። ሻይ ስጧቸው።»

ሲስተር አልተቀመጠችም። የጋሼን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«እግዜር ያጽናዎት ጋሼ። እኔ የመጣሁት ላመሰግንዎትም ነው። ይወስዱት እንደሆን ልጠይቅ ስደውልልዎት ፈርቼ ነበር። ብዙ ሰው እምቢ ይለናል፤ አናውቀውም ብሎ ጆሮአችን ላይ ይዘጋል። እርስዎ ግን ‹ዛሬውኑ አምጡት፣ ወንድሜ የኔ ቤት እያለለት የሰው አልጋ ላይ አይተኛም› አሉ። ቢሮ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ነው ያለቀስነው።»

ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ዛሬውኑ አምጡት?

«እኔ እኮ እዚሁ ነበርኩ!» አሉ አማችየው ጭናቸውን መትተው። «ለልጅቷ ሽማግሌ ሆነን የመጣን ዕለት! ስልኩን እፊታችን ነው ያነሣው። እንዲያ ሲል ስሰማ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተያየን። ለልጃችን ቤት አገኘንለት አልን፤ ወንድሙን እንዲህ የሚል ሰው!»

ሰዉ አጉረመረመ፤ ምርቃትም ልቅሶም ነበረበት። ጋሼ መሬት መሬት ያያል።

«ቁስሉ ገና አልጠገገም ነበር» አለች ሲስተር። «በጣም ጥልቅ ነው፤ በቀን በቀን ካልተጠረገ ይመርዛል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንለቀውም ነበር። ግን ቤተሰብ ካለ፣ ንጹሕ አልጋ ካለ... መኪናችን እዚህ በር ላይ አውርዳው ተመለሰች፤ አልጋውን በዚያው ቀን ለሌላ ሰጠን። ከተመረዘ መትረፉ ከባድ ነው፤ የናንተ ጥፋት አይደለም። በወገኖቹ መሀል ተኝቶ፣ ተደስቶ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። የተኛበትን ክፍል ባየው ልቤ ያርፋል።»

ኩሽና ውስጥ ውሃ ይንጠባጠባል።

«በዚያ በኩል ነው» አለ ጋሼ በመጨረሻ፣ በኮሪደሩ በኩል በአገጩ እያሳየ። «የእንግዳ ክፍሉ። አሁን ሰው ስላለበት ነው እንጂ...»

ሚጣ ትሪውን ፍራሹ ላይ አስቀመጠችው። ዘበኛው ወንበር ይዞ ገብቶ በሩ ሥር እንደቆመ ነው። ዓይኑን ፈለገችው፤ ሸሸባት።

«ወንድሜ እዚህ ቤት ገብቷል?» አለችው።

«ሚጣ!» አለ ጋሼ።

«እትዬ፣ እኔ ታዛዥ ነኝ» አለ ዘበኛው።

«ገብቷል ወይ ነው ያልኩህ።»

ዘበኛው ወንበሩን መሬት አስነካው። «አልገባም።»

ከዚያ ወዲያ ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ቀጠለ፤ ሲጨንቀው የከረመ ነገር ነው የሚመስለው። መኪናዋ አውርዳው ስትሄድ የቤቱ እመቤት «ጋሼ ሳይመለስ በሩን እንዳትከፍት» አሉት። ሰውዬው አልተቆጣም። «ግድ የለም፣ ሚጣን ጥራልኝ» አለ፤ የለችም ተባለ። አጥሩን ተደግፎ ቁጭ አለ። ጋሼ ሽማግሌዎቹን ሸኝተው ሲመለሱ የመኪናቸውን መስታወት ዝቅ አድርገው አዩት፤ «ነገ እንነጋገራለን» ብለው ገቡ። ዘነበ። ዘበኛው ላስቲክ አለበሰው። በነጋታውም እንግዳ ነበር፤ ከዚያ ወዲያም የሆነ ነገር ነበር። እግሩ መሽተት ጀመረ። መድኃኒቱ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ፀሐይ ላይ ነበር። መጨረሻ ላይ ዐልፈው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው በታክሲ ወደ ሆስፒታል የወሰዱት።

«እኔ መቼ አይገባም አልኩ?» አለ ጋሼ። ድምፁ ልጅ ልጅ ይላል። «ነገ እያልኩ... የሆነ ቤት ልከራይለት እያሰብኩ... ይኼ ሁሉ ሰው ይወጣል ይገባል፤ ምን ብዬ ላስገባው?»

ሲስተር እጇን ከእጁ ላይ አነሣች።

«እምቢ ቢሉን እኮ...» አለች። «እምቢ ማለት ይችሉ ነበር። ማንም አይቆጣዎትም ነበር። እምቢ ቢሉ አልጋው የሱ ነበር።»

ተሳቢ ክራንቹን ጨብጦ ወለሉን ያያል። «መታጠቢያ ቤቱን ጨርሶት ነበር የወጣው» አለ ለማንም ሳይሆን። «ወንድሜ ጠራኝ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም። ጫማውን ያስጠረገው እኔን ነው።»

ይኼኔ ነው ሚጣ የጮኸችው። ቃል አልነበረውም፤ ሆዷ ውስጥ የነበረ ነገር ዝም ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ሊይዟት ተነሡ፤ ገፈተረቻቸው።

«ሚጣ፣ ቁጭ በይ!» አለ ጋሼ። «እንግዳ ፊት ነው!»

«እንግዳ ፊት ነው እኮ የገደልከው!» አለችው። «ስልኩን ለብቻህ ሆነህ ብታነሣው እምቢ ትል ነበር፤ ይተርፍልኝ ነበር! ሽማግሌ እፊትህ ተቀምጦ ደግ ሰው ልሁን አልክ!»

አማችየው ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡ፤ መልሰው አስቀመጡት፤ የት እንደሚያዩ ጠፋቸው።

ሚጣ ፍራሾቹን እየረገጠች፣ የተዘረጋ እግር እየዘለለች ወደ በሩ ሄደች። የጋሼ ሚስት በረንዳው ላይ ደረሰችባትና ክንዷን ያዘች። «እንዲህ አዋርደሽን ወጥተሽ በዚህ በር እመለሳለሁ እንዳትይ። ዕቃሽን ነው የማወጣልሽ፣ ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ» አለች ሚጣ። በእርግጥም ሰምታለች። ማሽኗ እዚያ ውስጥ ነው፣ አልጋዋ እዚያ ውስጥ ነው፣ ከዚህ ሌላ የምታውቀው ጣሪያ የለም። ፈራች። ክንዷን ግን አስለቀቀች።

ዘበኛው ተከትሏት ወጥቷል።

«የት ጋ ነበር?» አለችው።

ከበሩ በስተግራ፣ አጥሩ ጎበጥ ከሚልበት ሥር አሳያት። ምንም የለም፤ ትንሽ ጠጠርና የደረቀ ሣር ነው። ሚጣ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጠች። ድንጋዩ ይቆረቁራል። እዚህ ሆኖ የሳሎኑ መስኮት ይታያል፤ መጋረጃው እሷ የሰፋችው ነው። ስንት ቀን ያንን መጋረጃ ሲያይ ዋለ? ስሟን ጠርቶ ይሆን? አሁን ነው በደንብ ያለቀሰችው። ወንድሜ፣ ወንድሜ እያለች፤ ስለ ውጭ ሀገር የለ፣ ስለ ግል ሐኪም የለ፤ እዚህ አጥር ሥር የቀረውን፣ ጠማማ የማይወደውን፣ ያንን ሰካራም ወንድሟን አለቀሰችው።

ሁለት ለቀስተኛ ሴቶች ከታክሲ ወርደው ወደ በሩ ሲያመሩ አዩዋት። ተያዩ። ወደ ውስጥ ይግቡ ወይስ እዚህ ይቁሙ፣ ግራ ገባቸው። አንደኛዋ በመጨረሻ ዝቅ አለችና የሚጣን ትከሻ ነካች።

«እግዜር ያጥናሽ» አለች። «ለቅሶው እዚህ ነው?»

«እዚህ ነው» አለች ሚጣ።

በሩ ተከፈተና ተሳቢ ወጣ፤ ሲስተር ከኋላው ናት። ጠጠሩ ላይ ክራንቹ እየዋለለ አጠገቧ ደረሰና ቆመ። መቀመጥ ፈልጓል፤ ግን አጥሩን ካልተደገፈ በአንድ እግሩ መውረድ አይችልም፤ ጎበጥ ያለው፣ የሚደገፉት ቦታ ደግሞ እሷ ያለችበት ብቻ ነው። ለመጠየቅ አፈረ።

ሚጣ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በመዳፏ ጠጠሩን ጠራርጋ፣ ፈቀቅ አለችለት።